የእትዬ ጠይባ ቦይ

ሰብልዬ፣

ለሥልጠና የመጣሁባትን የመካነ ሰላምን ብርድ ሌላ ቀን አማልሻለሁ። ዛሬ ቅዳሜ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ብቻቸውን ለሚኖሩት ለእትዬ ጠይባ ደቦ ወጥተው አየሁ። የእሳቸው ልጆች ጅዳ ናቸው፤ ክረምት ቤታቸው ለሚገባው ጎርፍ ቦይ የሚቆፍርላቸው የለም። ተማሪዎቹ በገመድ ለክተው፣ አስልተው፣ ቀጥ ያለ ቦይ እኩለ ቀን ላይ ጨረሱ። እትዬ ጠይባ ሊሞክሩት አንድ ጀሪካን ውሃ ደፉበት። ውሃው ቁልቁል ሮጦ የጎረቤታቸው የጋሽ አሻግሬ ደጃፍ ላይ ተኛ።

«የኔ ቤት ደርቆ የአሻግሬ ሊረጥብ? ወላሂ አይሆንም! ድፈኑት ልጆቼ» አሉ።

ደፍነው፣ ወደ ወንዙ አዙረው እንደ አዲስ መቆፈር ጀመሩ። አሚራ የምትባለዋን ተማሪ «ይሄ የምን ትምህርት ነው?» ብላት፣ ላቧን እየጠረገች «ጠዋት ሒሳብ ነበር፤ አሁን ግብረ ገብ ሆነ» አለችኝ።

እኔ ደሴ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሒሳብ ትምህርት ተዳፋት መስመር በሰሌዳ ላይ ስስል፣ መስመሩ ማን ደጅ እንደሚያልቅ አንድም ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔስ መቼ ጠየቅሁ?

ፖስት ካርዷ ሞላችብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። የክፍሌንም ልጆች ሰላም በያቸው፤ ስመለስ ከሰሌዳው በፊት ሜዳው ላይ አንድ ጀሪካን ውሃ እንደምደፋ ንገሪልኝ።

በፍቃዱ