የጋሼ ይማም ጾምና የአንድ ሰዓት በረራ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1974፣ ደሴ

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ምን ያህል ይርቃል? ትናንት የረመዳን ጾማችንን ስናፈጥር አጎቴ ጋሼ ይማም ይህን ጠየቁኝ። ስኳር በሽታ አለባቸው፤ ዛሬ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ሊሄዱ ነበር። ሩቅ መንገደኛ ጾሙን እንዲፈታ ስለሚፈቀድለት ነው የጠየቁት። እኔ ግን በጂኦግራፊ መመረቄን ላሳይ ቸኩዬ ካርታ ዘረጋሁ፤ በማስመሪያ ለክቼ "አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም!" አልኩ።

ጋሼ ሳቁብኝ። "ታዲያ ይኼ መንገድ ይባላል? ፒያሳ ደርሶ መመለስ በለው! ወላሂ አልፈታም።"

ለመንገደኛ የሚቆጠረው ርቀቱ እንጂ ሰዓቱ እንዳልሆነ ከልጅነቴ ተምሬያለሁ። ግን ቤተሰቡ ሁሉ ካርታዬን እያደነቀ ስለነበር አላረምኳቸውም።

ዛሬ ኮምቦልቻን ጉም ሸፍኖት የጠዋቱ አውሮፕላን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልመጣም። ውሃ ይዤ ለመንኳቸው።

"ተወኝ! አንድ ሰዓት ናት ያልከኝ አንተው አይደለህ?"

ትንሽ ቆይተው አውሮፕላን ማረፊያው አግዳሚ ላይ ተዝለፈለፉ። ስኳራቸው ወርዶ ነበርና ስኳር በጥብጠን አጠጣናቸው። ሲነቁ መጀመሪያ ያሉት "ጾሜን አስፈታችሁኝ?" ነው። አውሮፕላኑ ሲመጣ ደግፈን አሳፈርናቸው። ደረጃው ላይ እጄን ይዘው "አይዞህ፣ ጉሙ ነው እንጂ አንተ ምን አደረግህ" አሉኝ። ያኔም እውነቱን አልነገርኳቸውም።

ነገ ማለዳ ስልክ ቤት ሄጄ ያረፉበት ቤት እደውላለሁ። ጋሼ፣ አውፍ ይበሉኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። እባክዎ ስልኩን ራስዎ ያንሱት።