አሥራ ሰባት ፊደል

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ካለሽበት ይድረስሽ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? አባባ እህል ይቀምሳል ወይ? ባልሽ ጋሼስ ያ ሳል ለቀቀው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይሄንኑ ቃል ላለፉት አምስት ወራት በስልክ መልእክት ስጽፍልሽ ውሸቴን ነበር፤ ዛሬ ግን እውነቴን ነው።

«ደልቶት ረሳን፣ ስልካችንን ማንሳት እንኳ ተጠየፈ» ማለትሽን ሰምቻለሁ። አልፈርድብሽም፣ እኔ ብሆን ከዚህም የባሰ እናገር ነበር። ግን አልተጠየፍኩም፣ እታለም። አንድ ቀን ጠዋት ሱቄ ውስጥ የደንበኛ ሱሪ እየለካሁ «ሠላሳ አራት» ልል አፌን ብከፍት የሕፃን ድምፅ ወጣ። ሆስፒታል ስደርስ ጭንቅላትህ ውስጥ ደም ረግቷል አሉኝ። እጅ እግሬን አልነካውም፤ ምላሴን ግን አሰረው። ቃሉ ውስጤ ቁጭ ብሎ እያየሁት አልወጣ አለኝ። እኔ ሬዲዮኑ! አንቺ እንኳ «የዚህ ልጅ ባትሪ አያልቅም ወይ» የምትይኝ!

የደበቅኩሽ ፈርቼ ነው። ድምፄን ስትሰሚ ትጮኺያለሽ፣ አባባ ደግሞ ልቡ አይችልም ብዬ ነው። ሱቄን ግን አልዘጋሁም፤ በሜትርና በእርሳስ ተግባባሁ። አንዷ ደንበኛዬማ «እሰይ፣ ዛሬ እንኳ ሳታደነቁረኝ ሰፋህልኝ» አለችኝ። ሳቅኩላትና፣ ስትሄድ ማሽኑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

የንግግር ሐኪሜ የመጨረሻ ልጅሽን የምታክል ናት፤ ቁጣዋ ግን የአማት ነው። ጠረጴዛውን በጣቴ እየመታሁ ቃልን ቁራጭ በቁራጭ እንዳወጣ አስተማረችኝ። ወር ሙሉ «በ-ር፣ ወ-ን-በ-ር» ስል ታከተኝና ላቋርጥ አልኩ። ያን ጊዜ ሃይኩ የሚባል የጃፓኖች አጭር ግጥም አመጣችልኝ። ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ አምስት፣ ሰባት፣ አምስት ምት። «እኛ አንዱን ፊደል አንድ ብለን እንቆጥራለን። የራስህን ጻፍና እየመታህ በለው» አለችኝ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ሃያ ሦስት ፊደል ሆነ። የተረፈውን እንደ ቀሚስ ጠርዝ አጥፌ ላስቀረው ብል «እዚህ ማጠፍ የለም፣ ቁረጥ!» ብላ ጮኸችብኝ። ስለ አበባ ጻፍኩ፣ ስለ ዝናብም ጻፍኩ። «ይሄ የማን ነው? አንተን ያስጨነቀህ አበባ ነው እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው። እኔን ያስጨነቅሽኝ አንቺ ነሽ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ይቺን ይዤላት ሄድኩ፦

ስልኩ ጮኸ
እጄ ደርሶ አፌ
ከኋላ ቀረ

አሥራ ሰባቱንም አንድ ሳይቀር አወጣኋቸው፣ እታለም! «ድገመው» አለች፤ ደገምኩት። ሦስተኛ ስለው እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እንደ ዕብድ እስቃለሁ። እፎይ! ስንት ወር የያዝኩትን ትንፋሽ ያን ቀን ተነፈስኩ። አሁን ቀስ እያልኩ ሌላም ሌላም እናገራለሁ። ትናንት ያቺ ደንበኛዬ መጥታ ስለ እጅጌዋ ስለፈልፍባት «ወይ ጉዴ፣ ተመለሰ!» ብላ ራሷን ያዘች።

ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ስላማችሁኝ አልተቀየምኩም፣ ደግ አደረጋችሁ። ትልቋ ልጅሽን ለፈተናዋ አይዞሽ በያት፤ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የሆንኩትን ግን መጀመሪያ ድምፄን ይስማና ከዚያ ንገሪው።

እሁድ ከሰዓት ደውዪልኝ፣ አነሳዋለሁ። ዝም ካልኩሽ እየቆጠርኩ ነውና አደራ፣ እንዳትዘጊው።

ወንድምሽ
ከልብስ ስፌት ሱቄ
ሐሙስ፣ የካቲት 14