የማርታ ጉርሻ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

የቅርጫት ኳስ ዓመታችን ዛሬ በሽንፈት አለቀ። ከመጨረሻው አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ብለን ጨረስን። እንደ ልማዳችን ከጨዋታው በኋላ ሁላችንም ውቤ በረሃ ወዳለችው ምግብ ቤት ሄድን። ፆም ስለሆነ በያይነቱ አዘዝን።

ትሪው እንደቀረበ አሰልጣኛችን ተነስቶ፣ ማርታን ዋንጫውን የበላው ክለብ እንደወሰዳት ነገረን። ሁሉም አጨበጨበ። ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የእኔ ጭብጨባ ነበር።

ዓመቱን ሙሉ ኳሱን የማቀብላት እኔ ነኝ። እሷ ታገባለች፣ ሰውም የሚያየው እሷን ነው። ያቀበለችውን ማን አየ?

ከዚያ ማርታ ተነስታ በየተራ ታጎርሰን ጀመር። የጎረሰች ሁሉ እያቀፈች "እንኳን ደስ አለሽ" ትላታለች። እኔ ጋ ስትደርስ "ጠግቤያለሁ" አልኳት። ገና አንዴ እንኳ አልቆረስኩም። እሷ እቴ፣ እጇን ዘርግታ ቆመች።

"በሞቴ፣ ቤቲ። ስላንቺም እኮ ነግሬያቸው ነበር። ለጊዜው የምንፈልገው አንድ ተጫዋች ነው አሉኝ።"

ባትነግረኝ ምን ነበረበት? ቅናቴ ሳያንሰኝ ደግሞ ትዘንልኝ?

የተዘረጋ ጉርሻ አይመለስም፣ ሁሉም እያየኝ ነው። አፌን ከፈትኩ። ሽሮውን ከጎመን ጋር የጠቀለለችበትን፣ ጡጫ የሚያህለውን ጉርሻ አጎረሰችኝ። አፌ ስለሞላ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩላት።

ቀስ ብዬ አኘክሁ። ተመልሳ እስክትቀመጥ ድረስ አልዋጥኩትም።