ግማሽ ክዳን

ይድረስ ለምወድህ፣ ለተቀየምከኝም ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ዕቃ ስታነሳ አሁንም ይጠዘጥዝሃል ወይስ ተሻለህ? የክፍልህ ጣሪያ ማፍሰሱን ተወ? ይህን ሁሉ የምደረድረው መልስ እንደማትጽፍልኝ እያወቅኩ ነው፤ አምስት ወር ሙሉ ዝም ብለሃል። እኛ በጤና በኩል ደህና ነን፤ ናፍቆትህና እንክርዳዱ ግን ፋታ አልሰጡንም።

የተቀየምክበትን አልረሳሁትም። በየዓመቱ ከምትሠራበት መጋዘን ለመኪና ሹፌር አስይዘህ የምትልክልን የአረም መድኃኒት አምና አልሠራ ስላለኝ፣ የዘንድሮው እንደደረሰኝ «ከተሜ ሆነህም ተሞኘህ፤ ውሃ ሸጠውልህ ነው የላክህልን» ብዬ ጻፍኩልህ። ምላሴን በቆረጠው!

ዘንድሮም እንክርዳዱ ስንዴው መሃል ሞልቶ ወጣ። ረጨሁ። ሌላው አረም ሁሉ ሲጠወልግ እሱ ቀና ብሎ ቆመ። ደግሜ ረጨሁ፤ ጭራሽ ወዛ! ንድድ ብሎኝ መርጫውን ከጀርባዬ አውርጄ ስወረውረው ማንገቻው ተበጠሰ። እሱን ስሰፋ ደግሞ ሁለት ቀን ባከነ።

በመጨረሻ የግብርና ባለሙያዋን ጠራኋት። ብዙ ስለማትናገር እማዬ «ቁጥብ» የሚል ስም አውጥታላታለች። ከእኛ ማሳ ጥቂት የእንክርዳድ ቡቃያ ነቀለች፤ ከወንዙ ማዶ ካለችው ካንተ የመሬት ድርሻም እንዲሁ። በሁለት ጣሳ ለየብቻ ተከለቻቸውና አንተ ከላክኸው ከዚያው ጀሪካን ራሷ ለክታ ረጨች። በሦስተኛው ሳምንት መጥተን አየን። ካንተ ድርሻ የመጣው ድርቅ ብሎ ሞቷል፤ የእኛው ግን ያው ነው፣ አረንጓዴ። መድኃኒትህ ደህና ነበር ወንድም ጋሼ።

ከዚያ እንዴት እንደምበጠብጥ ጠየቀችኝ። እኔም ሙያዬ ነውና ደረቴን ነፍቼ ነገርኳት፤ ጀሪካኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ለአንድ መርጫ አንድ ክዳን ሙሉ ጨምሩ ይላል፣ እኔ ግን እንዲበረክት ብዬ ግማሽ ክዳን ብቻ፣ የቀረውን በውሃ። ሰባት ዓመት እንዲህ አደረግኩ። ለጎረቤቶቻችንም አስተምሬያለሁ፤ «ከእሷ ተማሩ» ሲባል ደስ ይለኝ ነበር። ውሃውን የጨመርኩት እኔ ሆኜ ሳለ አንተን በውሃ ከሰስኩህ።

ቁጥብ ያን ቀን አፏ ተፈታ። «መድኃኒቱ ጉልበት አልሰጠውም» አለችኝ። «ድሮም ከስንት ሺህ አንዱ፣ ከተፈጥሮው መድኃኒቱን የሚችል ነበር። ደካሞቹን በየዓመቱ ገደልሽለት፤ እሱ ብቻውን ዘር ጣለ፣ ዘሮቹም እንደ እሱ ቻሉ። አንድ ዓይነት መድኃኒት ሰባት ዓመት ስታመላልሺ ሙሉውን ብትጨምሪም ይመጣ ነበር፤ ግማሽ ክዳንሽ ግን በመጠኑ የሚችሉትንም አተረፈልሽና አፋጠነው።» ተናደድኩ። በማን እንደምናደድ ግን ጠፋኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

አገሬው ለዘር የሚሆን ስንዴ ከእኛ ቤት ይወስድ እንደነበር ታውቃለህ። ዘንድሮ አንድ ሰው እንኳ በራችንን አላንኳኳም። እንክርዳድ ዘርተን ማን ይመጣልናል? ቁጥብ ዘሩ ሳይረግፍ ማሳውን ከነስንዴው እርጥቡን እጨዱት ስላለች፣ ከትናንት ወዲያ ጀምረናል። ለከብት ነው የሚሆነው። እሸቱን ሳጭድ አለቀስኩ። ለሚመጣው ዓመት እዚያ ላይ ባቄላ እንዘራለን፣ የሚበቅለውን እንክርዳድም በእጃችን እንለቅማለን።

ያንተን ድርሻ መርጫ ያልነካው ለምን እንደሆነ የጻፍኩልህ አይመስለኝም። አባባ ናቸው የከለከሉን። አንተ ከሄድክ ጀምሮ ማንንም ሳያስጠጉ፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት እየተንበረከኩ፣ ለብቻቸው በእጃቸው ያርሙታል። እኛ «የድሮ ሰው» እያልን እንስቅባቸው ነበር። አሁን በቤታችን ለዘር የሚሆን ንጹህ ስንዴ ያለው እዚያች ቁራሽ ላይ ብቻ ነው። «ነግሬሽ ነበር» ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

እህሉ ያንተ ነውና ለዘር እንድንወስደው ፍቀድልን። ያንን መድኃኒት ከእንግዲህ አትላክ። ይቅር ካልከኝ ለለቀማው ራስህ ና፤ እጅ ነው ያጠረን።

እማዬ ወገብህን በጨርቅ ጠበቅ አድርገህ እሰር ብላሃለች፤ ጉንጭህንም ትስማለች። ታናሻችን የመርጫውን ማንገቻ በመበጠሴ እስካሁን እየሳቀችብኝ ነው፤ ሰላም በይልኝ ብላለች። አባባ በሩ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ ነው። ምን ልበልልዎት ብላቸው፣ «መሬትህ ንጹህ ነው በይው» አሉኝ።

እህትህ
ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር
ጥቅምት 3 ቀን