ስለ ተቃጠለው ምድጃዬና ስለ ታገደው ጓድ ኑሪ

ግንቦት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለጥረት የቤት ዕቃዎች ጥገና ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ መጋቢት 21 ቀን 1974 ዓ.ም. ያቀረብኩትን ክስ አንስቼ ራሴን ስለ መክሰስ

የተከበሩ ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣

1. እኔ አመልካች መኩሪያ ነጋ፣ የመካኒሳ ነዋሪ፣ የቤት ቁጥር 417፣ በሥራዬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ በቀበሌያችን የሕብረት ሱቅ ደግሞ የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ነኝ። ስሜ ለቢሮዎ አዲስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያን ሦስት ገጽ ክስ ጽፌ፣ «አሻጥር» የምትለዋን ቃል በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩባት ሰውዬ እኔው ነኝ።

2. ምድጃው ከላይ አራት መጣጃ፣ ከታች የዳቦ መጋገሪያ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ከሐራጅ ከገዛሁት ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር አስጎበኘዋለሁ እንጂ፣ ከአራቱ የሚሠሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። መጋገሪያውንማ ባለቤቴ ወ/ሮ ፀሐይወርቅ አንድም ቀን አብርታው አታውቅም። ባዶ ግን አልነበረም፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

3. ለጥገና ተመዝግቤ አምስት ወር ከጠበቅሁ በኋላ፣ መጋቢት 17 ቀን የድርጅታችሁ ቴክኒሻን ጓድ ኑሪ መሐሙድ መጣ። እምቢ ያሉትን ሁለት መጣጃዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠገናቸው። ከዚያ «ጋሼ፣ መጋገሪያውንም ልሞክረው፤ ውስጡ ዕቃ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። እጁን ወደ በሩ ሲሰድ ቀድሜ በሩ ላይ ተደግፌ ቆምኩ። ይኼ የጨዋ ቤት ነው፣ ምድጃ ውስጥ ዕቃ አንከትም ብዬም አከልኩበት። ጓድ ኑሪ ትልቅ ሰው ገፍቶ በር የሚከፍት ዓይነት ስላልሆነ እጁን ሰበሰበና ማብሪያውን ጠመዘዘ። አብርቶ ወዲያው የሚያጠፋው መስሎኝ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ ያለኝ ዕውቀት ይኸው ነው።

4. እንግዲህ ወደ ዕቃው። መጋገሪያው ውስጥ የነበረው ስኳር ነው። ዘጠኝ ኪሎ። ልጄ ውዳሴ ልትዳር ነው፤ ማሩ ካነሰ ስኳሩ ጠጁን ይደግፈዋል ብዬ፣ ሻይ ከማያበዙ ጎረቤቶች ራሽን ላይ በየወሩ በምስጢር እየገዛሁ ያጠራቀምኩት ነው። እዚያ የከተትኩት ጉንዳን አያገኘውም፣ የቁጥጥር ኮሚቴም አይፈትሸውም ብዬ ነው። ሁለተኛውን በተመለከተ ሥጋት አልነበረኝም፤ ቤት የምፈትሸው እኔ ነኝና።

ይህም ይመዝገብልኝ፦ ዘንድሮ በጥር ወር ወ/ሮ ቡዜ የተባሉ ጎረቤቴን ሦስት ኪሎ ስኳር ደብቀዋል ብዬ በእሑድ ስብሰባ ላይ ቆሜ ያጋለጥኩ፣ ሁለት ወርም ከራሽን ያሳገድኩ እኔ ነኝ። ያኔ ተጨብጭቦልኛል። ድምፄም አምሮ ነበር መሰለኝ።

5. መጋገሪያው ሩብ ሰዓት ያህል ነደደ። አጥፋው ልለው ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስት ጊዜም ስለ በልግ ዝናብ አወራሁ። መጀመሪያ ሰፈሩ በሙሉ ከረሜላ ከረሜላ ሸተተ። ቀጥሎ ጢሱ መጣ፤ ማሞቂያው ተቃጠለ፤ የቤቱም መብራት ድርግም አለ። ጓድ ኑሪ በሩን ከፍቶ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ በመስታወት አስገብቼ የሰቀልኩትን የቁጥጥር ኮሚቴ የምስጋና ወረቀት አየ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው፤ «አይዞዎት ጋሼ» ብሎኝ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

አይዞዎት መባሌ አስፈራኝ። ይህ ልጅ ነገ ያወራብኛል፣ ልቅደመው አልኩ። ከቀደምኩ ደግሞ ምድጃውም ይተካልኛል አልኩ። በአራተኛው ቀን፣ ጓድ ኑሪ ምድጃዬን በአሻጥር አቃጠለው የሚለው ክስ ቢሮዎ ደረሰ።

6. ባለፈው ማክሰኞ ለምስክርነት ተጠርቼ ስመጣ፣ ጓድ ኑሪ የሰጠውን ቃል አነበቡልኝ። መጋገሪያው ውስጥ ምን ነበር ተብሎ ሲጠየቅ «አላየሁም» ብሏል። ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ አይቷል። ሲያይ አይቼዋለሁ። «ስኳር» ብሎ ቢናገር ኖሮ እሱ በዚያው ቀን ወደ ሥራው ይመለስ፣ እኔ ደግሞ ቀበሌ እታሰር ነበር። ይህን እያወቀ ነው ዝም ያለው። ከሚያዝያ መባቻ ጀምሮ ታግዶ ያለ ደመወዝ ተቀምጧል፤ እናቱ ወ/ሮ ሐሚዳ የሚኖሩት በእሱ ነው። በመጪው ሐሙስ ጉዳዩ ሲታይ ከሥራ እንደሚሰናበት ሰምቻለሁ። አፈርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ ለዚህ የሚሆን የተሻለ የቢሮ ቃል አጣሁ።

ባለቤቴ ስለ ክሱ አታውቅም ነበር። ማክሰኞ ዕለት ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ሻዬን ያለ ስኳር ነው የምታቀርብልኝ፤ ስኳር አልቆባት አይደለም።

7. ስለዚህ የመጋቢት 21ዱ ክሴ ከነቀይ መስመሩ እንዲሰረዝ፣ ጓድ ኑሪ መሐሙድ ሐሙስ ሳይደርስ ከነደመወዙ ወደ ሥራው እንዲመለስ፣ በፋይሉ ውስጥ በእሱ ላይ የተጻፈው ክፉ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ስም እንዲዛወር በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። የስኳሩን ነገር ዛሬ ጠዋት ጽፌ ለቀበሌው በእጄ ሰጥቻለሁ። እሑድ በዚያው ስብሰባ፣ ወ/ሮ ቡዜ ፊት ቆሜ ግለ ሂስ አደርጋለሁ፤ የሚያጨበጭብልኝ እንደሌለ አውቃለሁ። ከእሑድ በኋላ አድራሻዬ ከተለወጠ ባለቤቴ ታሳውቅዎታለች።

8. ምድጃውን በተመለከተ፣ የተራው መጨረሻ ላይ ቢያስቀምጡኝ ቅር አይለኝም። ተራዬ ሲደርስ ግን ጓድ ኑሪ ፈቃዱ ከሆነ እሱ ይምጣልኝ። በሩን ራሱ ይክፈተው፤ እኔ ደጅ እቆማለሁ።

ከአብዮታዊ ሰላምታና ከብዙ ሐፍረት ጋር

(ፊርማ)
መኩሪያ ነጋ

ግልባጭ፦
ለጓድ ኑሪ መሐሙድ
ለወ/ሮ ቡዜ
ለወ/ሮ ፀሐይወርቅ (ከመላኩ በፊት አንብባ ሁለት ቦታ አሳርማኛለች)

አባሪ፦ ከመጋገሪያው ወለል በመሮ የተፈለፈለ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ጥቁር የስኳር ድንጋይ። ጓድ ኑሪ አላየሁም ያለው ይኸውላችሁ።