እጀታ የሌለው በር

መስከረም 7፣ ማክሰኞ

የሙሽራዋን ቡፌ በሮች ገጠምኩ። አንዱ ማጠፊያ ጠማማ ሆኖ ተገኘ፣ ለሻጩ መለስኩለት። ይቅርታ እንኳ አላለም። ምሳ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ... እሾሁ በዛ።

አባዬ እጁ ዛሬም ሲንቀጠቀጥ ዋለ። መዶሻውን ደበቅኩበት፣ አገኘው። አውራ ጣቱን መታ። «ምንም አልሆንኩም» ይላል ደሙን እየጠረገ። አምስት ዓመት ሙሉ ወርክሾፑን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ፣ ደንበኛ ሲመጣ ግን «ኑርዬ የለም?» ነው።

ከሰዓት ስልክ ተደወለለት። ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ። የድሮ ተማሪው ውበቱ ነው፣ ለግሸን ማርያም ንግሥ ሊመጣ ነው። ያ ሳቅ ለኔ ወጥቶ ያውቃል?

መስከረም 9፣ ሐሙስ

መጣ። አንገቱ ላይ መታወቂያ ካርድ አንጠልጥሎ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ማን መታወቂያ ሊጠይቀው ነው? የእትዬ ተሾመች ልጅ መሆኑን የማያውቅ የለ።

ንዴቴ እንዲወጣልኝ ልጻፈው። እናቱ ሙያ ይማር ብለው አባዬ ዘንድ ሲያስገቡት እሱ አሥራ አምስት፣ እኔ አሥራ ሦስት። መጋዝ የያዝነው አብረን ነው። የኔ ቁርጥ ከሱ ይልቅ ቀጥ ይል ነበር። ወላሂ! አሁን እሱ አዲስ አበባ፣ የአውሮፕላን ውስጥ ካቢኔ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው። እኔ እዚሁ፣ ከሙሽራ ቡፌ ጋር።

አባዬ አቅፎ አልለቅ አለው። «ልጄ!» አለው። ልጄ...

መስከረም 10፣ ዓርብ

ለካ የመጣው ለግሸን ብቻ አይደለም። ከጁምዓ በኋላ ወርክሾፕ መጥቶ ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የአውሮፕላን ካቢኔ በር ነው፣ የአስተናጋጆቹ ዕቃ የሚቀመጥበት። መቀርቀሪያው ከውጭ መታየት የለበትም። እጀታ ቢኖረው መንገደኛው ጭንቅላቱን ይገጫል፣ ልብሱ ይያዛል። አስተናጋጇ በአንድ ጣት መክፈት አለባት። በራሱ ግን በፍጹም መከፈት የለበትም፣ የፈላ ውሃ የያዘ ማንቆርቆሪያ ሰው ላይ ይወርዳላ። ውበቱ በስፕሪንግ ሞክሮ አቅቶታል። ስፕሪንጉ ሲጠነክር ጣት ያማል፣ ሲላላ በሩን አይዝም። በጥቅምት መጀመሪያ ሥራው በማሽን ይፈተናል። ካልሆነለት ከቡድኑ ይወጣል።

«እንግዲህ አባ ኑርዬ፣ ያችን የርስዎን ወዳቂ ያሳዩኝ» አለ።

ወዳቂዋን! አባዬ በድሮ ቁም ሳጥኖቹ ውስጥ የሚደብቃት ብረት። ከውጭ እጀታ አይታይ፣ ቀዳዳ አይታይ። ጣት ከበሩ ሥር አስገብቶ ብረቷን ሽቅብ መግፋት ነው፣ ይከፈታል። ሲዘጋ ብረቷ በገዛ ክብደቷ ትወርድና በሩን ትይዛለች። አሳየኝ ብዬ ስንቴ ለመንኩት? «ትደርሽበታለሽ» ነበር መልሱ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። መቼ ነው የምደርስበት?

ለሱ ግን በአንድ ከሰዓት። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ እየሳለ። «ስፕሪንግ ይደክማል ልጄ። ክብደት አይደክምም።» ለኔ ደግሞ «ሉብና፣ ሻይ አምጭልን።»

አመጣሁ። ስኳር ሳልጨምርበት።

መስከረም 11፣ ቅዳሜ

ቀንቻለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

አክስቴ ዙለይሃ ከስፌት ቤቷ ብቅ ብላ «ምነው ፊትሽ ጠቆረ? እንግዳው አላስተኛሽም እንዴ?» አለችኝ። እየጠቀሰችኝ። ወንድ ያማረኝ መሰላት። እኔ የምፈልገው እሱን አይደለም፣ የተቀመጠበትን ዱካ ወንበር ነው። ከአባዬ ጎን ያለውን።

መስከረም 13፣ ሰኞ

አባዬና ውበቱ ሐይቁ ዳር ዓሣ ሊበሉ ወጡ። እኔን የጠራኝ የለም። አባዬ የሳለለት ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል... አየሁት።

መስረቅ ይባላል? የገዛ አባቴን? በሁለት ሰዓት ወዳቂዋን ሠርቼ ጨረስኩ። ያን ያህል ዓመት የተለመነባት ነገር ሁለት ሰዓት ብቻ ወሰደች።

መስከረም 15፣ ረቡዕ

የአውቶቡስ ሹፌሩ ዋለ ከወንበሩ ጀርባ ላለው ሣጥን በር ሥሪልኝ ካለኝ ሰንብቷል። ዛሬ ገጠምኩለት፣ ከነወዳቂዋ። እጀታ ቢፈልግ አጣ። ዙሪያውን ዳበሰ። ጣቱን ይዤ ሳሳየው «አንች ሴትዮ፣ ምን አስማት ነው ያስገባሽበት!» አለ። ደስ አለኝ። እኔም እችላለሁ። ቅዳሜ መንገደኛ ይዞ ለግሸን ይወጣል። ውበቱም እናቱን ይዞ በሌላ መኪና ይሄዳል፣ ከዚያው ወደ አዲስ አበባ።

አባዬ ከወዲሁ ውበቱን ሲሰናበት ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ደሴ ሁለት ዓመት ስማር አንድ ቀን የሸኘኝ አላስታውስም።

መስከረም 23፣ ሐሙስ

ዋለ ከግሸን ተመልሶ እየጮኸ ገባ።

«ያንች አስማት ጉድ አረገኝ! ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር ብው ብሎ ይከፈታል። ፔርሙዙ ወጥቶ አንዲት መነኩሴ ትከሻ ላይ ዱብ! ‹ማርያምን፣ እግሯ ሥር ልደርስ ስል በፔርሙዝ ልሙት?› አሉኝ።»

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ።

ሣጥኑን አስፈትቼ ወርክሾፕ አስገባሁት። በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ድንገት ዝቅ አደረግኩት። ተከፈተ። ደገምኩ። ተከፈተ... ገባኝ። ሣጥኑ ድንገት ሲወርድ ብረቷ አብራው አትወርድም፣ ላይ ትቀራለች። በዚያች ቅጽበት በሩን የሚይዘው የለም። ቤት ያለ ቁም ሳጥን ስለማይዘል አርባ ዓመት ማንም አላወቀባትም። አውሮፕላንስ? ውበቱ ራሱ ነው የነገረን፣ አየር ላይ ድንገት ቁልቁል ሲል ሆድ ባዶ ይቀራል ብሎ።

ልደውልለት?

ለምን እኔ? የአውሮፕላን ባለሙያው እሱ አይደል?

መስከረም 24፣ ዓርብ

አልደወልኩም።

መስከረም 27፣ ሰኞ

አባዬ መስጊድ በር ላይ ለጎረቤታችን ለሱሩር ሲያወራ ደረስኩ። «የኔ ብረት ሊበር ነው! እኔ አውሮፕላን በሩቅ እንጂ በቅርብ አላየሁ፣ ብረቴ ግን ይበራል ኢንሻአላህ።» ሱሩር ማሻአላህ ይላል። አባዬ እንደ ጎረምሳ ደረቱን ነፍቷል። እንዴት ነው ይህን ሰው «ብረትህ አይዝም» የምለው? ለሱ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

...ውሸት። ለማን ነው የምዋሸው? የማነበው እኔው ነኝ። ውበቱ እንዲወድቅ ፈልጌ ነው። ማሽን እንጂ ሰው አይጎዳም እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ይውደቅና አባዬ ይየው።

ጥቅምት 3፣ እሁድ

ተገኘ! አልሀምዱሊላህ!

ሦስት ቀን ሳስብበት ነበር። ወዳቂዋን መሐሏ ላይ በችንካር አንጠለጠልኳት፣ እንደ ሚዛን። በወዲያኛው ጫፍ ልክ እንደሷ የሚመዝን ሌላ ብረት ሰጠኋት። ሣጥኑ ሲዘል አንዱ ልነሣ ሲል ሌላውም ልነሣ ይላል፣ እኩል ስለሆኑ አንዱም አይነሣም። ለመመለሻዋ ደካማ ስፕሪንግ ይበቃታል። በትንሽ ጣት ይከፈታል፣ ከውጭም ምንም አይታይ።

ሣጥኑን ባጃጅ ላይ ጭኜ በዚያ ሁሉ ድንጋይ እስከ አርዲቦ ሐይቅ ሄጄ ተመለስኩ። አንዴም አልተከፈተ። ባለባጃጁ «ባዶ ሣጥን ለሽርሽር ነው ያወጣሽው?» አለኝ።

ደስታዬን ለማን ልንገር? አክስቴ አይገባት። ለአባዬ አልችል። ይህን ሰምቶ ከመቀመጫው የሚነሣ ሰው አንድ ብቻ ነው... እሱም ውበቱ።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ዛሬ ነበር ፈተናው። ለአባዬ ደወለ። «አልፏል አባ ኑርዬ!» አባዬ አለቀሰ። ቴምር ገዝቶ ለመንገደኛው ሁሉ አደለ።

አልፏል? እንዴት ተብሎ?

ከወርክሾፑ ጀርባ ሄጄ ደወልኩለት። መጀመሪያ «አዎ፣ አልፏል» አለ። «በእውነት?» ስለው ድምፁ ወረደ። ማሽኑ ማንቀጥቀጥ ከመጀመሩ በሩ ተከፈተ። ሰው ሁሉ እያየ። «ለአባ እንዳትነግሪያቸው፣ በናትሽ። ስማቸውን አላነሣሁም፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብያለሁ። ደስ ይበላቸው።» ከቡድኑ ሳያስወጡት ሌላ ነገር እንዲያመጣ አንድ ወር ሰጥተውታል።

አሁንም ዝም አልኩ። በቦታው ቀናሁ፣ በአባቴ ቀናሁ። ዛሬ ደግሞ በደግነቱ! እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ነገርኩት።

«ውበቱ፣ እንደሚከፈት አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዋለ ከግሸን ከተመለሰ ጀምሮ። አውቶቡሱ ላይ ገጥሜው ነበር።»

«ታዲያ ለምን...»

«ቀንቼብህ።»

ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ከዚያ «አብረን ያደግን መስሎኝ!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ይገባኛል።

ከአሱር ሶላት በኋላ ራሱ ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«መፍትሔውንስ ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ጥቅምት 10፣ እሁድ

ከመላኬ በፊት አባዬ ማወቅ ነበረበት። ከሌላ ሰው እንዲሰማ አልፈለግኩም። የዋለን ሣጥን የፊተኛዋን ወዳቂ መልሼ ገጥሜ ፊቱ አስቀምጬ ከፍ ዝቅ አደረግኩት። በሩ ተከፈተ። «ድገሚው» አለ። ተከፈተ። «ድገሚው።» ስለ ውበቱም ነገርኩት፣ ስለ ዝምታዬም። አንድም ሳልደብቅ። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ውስጥ ከተተና ወጣ። ሐይቁ ዳር ብቻውን ቁጭ ብሏል አለችኝ ዙለይሃ። እህል ሳይቀምስ ዋለ።

አስለቅሼው ይሆን?

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

አባዬ ከኔ በፊት ወርክሾፕ ገብቷል። ባለሚዛኗን ፈታትቶ ጠረጴዛው ላይ ደርድሯታል። ቆሜ ጠበቅኩ።

«ይህን ችንካር በናስ አድርጊው» አለ ቀና ሳይል። «ብረት ይዝጋል።»

በናስ አደረግኩት። ልክ ነው፣ ይበልጥ ለሰለሰች። ከሰዓት በአውቶቡስ ለውበቱ ላክሁለት፣ በዋለ እጅ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ጠዋት ሣንቃ ስለካ ስልክ ጮኸ። አባዬ ኪሱን ዳበሰ። የሱ አይደለም። የኔ ነው። ውበቱ።

«አልፏል!»

«በእውነት? ወይስ እንዳለፈው?»

«ወላሂ ልበልሽ?» ብሎ ሳቀ። ማሽኑ አንድ ሰዓት ሙሉ አንቀጥቅጦት ንቅንቅ አላለም። አለቃው በቡጢ ሁሉ ደበደበው አሉ። ንድፉ ላይ የኔን ስም ከሱ ስም በላይ አስገብቶታል። «በላይ ለምን?» ስለው «እንዳትቀኚ ብዬ ነው» አለኝ፣ ይቅር ያለኝ ይመስለኛል። ስድስት ናሙና ሥሪ ተብያለሁ። ስለ ናሱ ውፍረት ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ስለ ክብደቱ ተከራከርን። ሳቅን። ሳናውቀው ብዙ ቆየን።

ዞር ስል አባዬ መጋዝ ይዞ ቆሟል። አይቆርጥም።

«ለኔ አልደወለም?» አለ።

«ሰላም ብሎሃል አባዬ።»

«ስልኬ እኮ ክፍት ነው።» አውጥቶ አየው። «ቻርጅም አለው።» ከንፈሩን ጥሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ያን ፊት አወቅኩት። መስከረምን ሙሉ መስታወት ውስጥ የነበረው ፊት ነው።

አሳዘነኝ። ውበቱን ያናግርበት ብዬ ስልኬን ሰጠሁት።

ወዲያው ግን አልሰጠሁትም።