የአባታችን ፊት በሰው ቀብር ላይ

«ሂላሮስ፣ የአባቴን የሰም ፊት ከሣጥኑ አውጥተህ ለሚስቴ ወንድም ለናውትዮስ ስጠው፤ የእናታቸውን ቀብር ያድምቅላቸው። የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ወንድሜን አታስቸግረው።»

ይድረስ ለወንድሜ ለአውሎስ። ከላይ ያለው ቃል ያንተው ነው፤ አንዲት ፊደል አልጨመርኩበትም። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? የጉልበትህ ሕመም ተሻለህ? የሲሲሊ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኔና ባለቤቴ ሰርቪልያ ደህና ነን። ቤታችን ግን ደህና አይደለም።

እኔ እርሻ ወርጄ ሳለሁ ሂላሮስ፣ ያ አባታችን ከባርነት ነፃ ያወጣው ሽማግሌ በረኛ፣ ቃልህን አክብሮ ከራሳችን ቤት ቀብር በቀር የማይከፈተውን ሣጥን ከፈተ። ከተማ ስገባ የቀብሩ ሰልፍ አደባባይ ደርሷል። በቁመት አባታችንን የሚያክል ተዋናይ ያን የሰም ፊት አጥልቆ፣ ሐምራዊ ጥለት ያለውን የሹመት ልብሱን ለብሶ ይሄዳል። ያችን ግራ እግሩን ጎተት የሚያደርጋትን ሳይቀር አስመስሏታል። ናውትዮስ እናቱን ሲያወድስ አባታችን በሹማምንት የዝሆን ጥርስ ወንበር ተቀምጦ ይሰማው ነበር።

ናውትዮስ ዘንድሮ የሮማ የበላይ ሹመት በሆነው በቆንስልነት ምርጫ ተቀናቃኜ መሆኑን ታውቃለህ። ከሁለቱ ቆንስሎች አንዱ ከተራው ሕዝብ ስለሆነ ለእኛ ለባላባቶቹ የሚተርፈን አንድ ወንበር ብቻ ነው። በሠላሳ ዓመቴ ግምጃ ቤት ገብቼ፣ ገበያና መንገድ አስተዳድሬ፣ ዳኛ ሆኜ የደከምኩት ለዚህ ወንበር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለጥቂት አመለጠኝ። አሁን ሃምሳ አራት ሞልቶኛል፤ ዘንድሮ ካለፈኝ አለፈኝ።

በማግስቱ የተወዳዳሪ ነጭ ልብሴን ለብሼ ድምፅ ልለምን ወጣሁ። ከአባታችን ጋር የዘመተው ቆዳ ፋቂው ቪብዮስ እጄን ጨብጦ አለቀቀኝም።

«ጌታው፣ አባትዎ እኮ ከናውትዮስ ጋር ናቸው፤ በዓይኔ በብረቱ አየኋቸው። እርስዎ ከአባትዎ ይበልጣሉ?» አለኝ። የቆመው ሁሉ ሳቀ።

ሂላሮስን አልቀጣሁትም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። የሣጥኑ ቁልፍ ግን ከእንግዲህ ከአንገቴ አይወርድም። ከውድድሩም አልወጣም። በየማለዳው አደባባይ ወርጄ እጅ እጨብጣለሁ፤ የቪብዮስንም ጭምር።

ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የአባታችን ቤት የቆመው ከእኔ ጋር መሆኑን፣ ፊቱንም ሳታማክረኝ ማዋስህን በእጅህ ጽፈህ፣ በማኅተምህ አትመህ ላክልኝ። በአደባባይ አስነብበዋለሁ።

ሚስትህን ናውትያን ስለ እናቷ አጽናናልኝ፤ ቂሜ ከእሷ ጋር አይደለም። ትንሿን ልጅህን ሳምልኝ። ጸሐፊህን ዲፊሎስንም ሰላም በልልኝ፤ ያን ማስታወሻ ሲያሽግ እጁ ሳይከብደው አልቀረም።

መልስህ ለሰኔ መባቻ እጄ ይግባ። ያ ቀን ካለፈ ሣጥኑ በራስህ ቀብር ዕለት እንኳ አይከፈትም፤ ያለ አባትህ ትሸኛለህ።

ታላቅ ወንድምህ ስፑሪዮስ ቬቱሪዮስ
ሮማ፣ በሚያዝያ አጋማሽ ተጻፈ